ባሉበት ሆነው ለመማር ደሴ ሄደዋል

ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አግማስ ፈንታሁን
የሕፃናት ጤና የሞባይል ሥልጠና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

የተከበሩ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ጉንፋን ሳይደፍርዎ፣ ሳል ሳያገኝዎ፣ የጦሳ ተራራ ውርጭም ካፖርትዎን አልፎ ደረትዎ ሳይገባ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ትንፋሽዎ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ያለ ችግር ይመላለስ። ይህን የምለው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ የያዝኩት ጉዳይ የትንፋሽ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

የዚህ ገጽ ሥራ፣ አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ ሰርግና ምርቃት፣ አዲስ የተከፈተ ካፌ፣ ማን ከማን ጋር ደሴ ፒያሳ ታየ የሚለውን ማውራት ነው። ለዚህ ሳምንትም ያሰናዳሁት የአንድ የኮምቦልቻ ሰርግ ወሬ ነበር፤ ሙሽራዋ በአንድ ቀን ቀሚስ ስትቀያይር ሙሽራው ራሱ ግራ ተጋብቶ የሚዜዋን እጅ የያዘበት። ጀመርኩት፣ ተውኩት፣ እንደገና ጀመርኩት። አልሄድልሽ አለኝ። ምክንያቱም ማክሰኞ እየመጣ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ የጽሕፈት ቤትዎ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀምጦ ስለ ትህትና ይወስናል።

ትህትና ማን ናት ለሚል አንባቢ፣ ከኩታበር ወረድ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ኮሚቴው እንዲወስን የቀረበለት ሐሳብም የተሰጣት ስልክ እንዲነጠቅ፣ እስከ ቀጣዩ ዙር ሥልጠና ድረስም ሕፃናትን እንዳታክም ነው። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ጽሕፈት ቤትዎን ብጠይቅ «በጀት ሲለቀቅ» ተባልኩ። እንግዲህ በዚያች ቀበሌ ያለ ሕፃን ሁሉ ሳሉን በጀት እስኪለቀቅ ድረስ ያቆየው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ አቤቱታ ላቀርብ የመጣሁ እንዳይመስልዎ። አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ስንት ጊዜ «ነገ ተመለሽ» እንደሚባል ስለማውቅ፣ ምስጋና ይዤ መጥቻለሁ። በተራ በተራ ላቅርበው።

አንደኛ፣ ለስልኮቹ አመሰግናለሁ።

እነዚህ ስልኮች ሆዳቸው ውስጥ ትምህርት አላቸው። ሕፃን ሲያስል ምኑ ይታያል፣ ሲያስቀምጠው ምን ይሰጠዋል፣ ጡት እምቢ ሲል ወዴት ይላካል የሚለውን በሥዕልና በድምፅ ያስተምራሉ፤ ኔትወርክም አይጠይቁም። ባለሙያዋ ጤና ኬላዋን ሳትዘጋ፣ በሽተኛ እስኪመጣ ስልኳን ከፍታ ትማራለች፤ የረሳችውንም በሽተኛው ፊት ሆና መለስ ብላ ታያለች። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር እባክዎ ያለ ሽሙጥ ይቀበሉልኝ።

ጽሕፈት ቤትዎ ሐሳቡን ከተቀበለ በኋላ ግን በራሱ መንገድ አዳበረው። መጀመሪያ ኮምቦልቻ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ርክክብ ተደረገ። ባነሩ ከግድግዳው ስለረዘመ ጫፉ ታጥፎ «የሕፃናትን ሞት በሞባይል» ብቻ ይነበብ ነበር፤ «እንቀንሳለን» የሚለው ከመጋረጃው ጀርባ ቀርቷል። ሠራተኞቹ በየስማቸው እየተጠሩ መድረክ ወጡ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተጨበጨበላቸው። በጎን በር ሲወጡ ደግሞ ንብረት ክፍሉ ካርቶን ዘርግቶ እየጠበቀ ስልኩን መልሶ ተቀበላቸው። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች እንግዶች መጡና ርክክቡ ደሴ ላይ ተደገመ፤ ያው ስልክ፣ ያው ጭብጨባ፣ ያው ካርቶን። ከሠራተኞቹ አንዷ ከሁለተኛው በዓል ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ «ስልኩ እኮ አሁን ሲያየኝ ሰላም ሊለኝ ምንም አልቀረው» ብላ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀችው አሉ።

ስልኮቹ ለሚቀጥለውም እንግዳ አዲስ መስለው እንዲቀርቡ፣ መስታወታቸው ላይ የተለጠፈችው ስስ ፕላስቲክ እንዳትነሣ ጥብቅ መመሪያ ወጣ። ይህችን ፕላስቲክ ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ፣ ለአዳራሹ አመሰግናለሁ።

ባሉበት ሆኖ መማር ጥሩ ነገር ቢሆንም ለፊርማ አይመችም። ኬላዋ ውስጥ ተቀምጣ የምትማርን ሠራተኛ ማን ያስፈርማታል? ሪፖርቱ በምን ይሞላል? ብስኩቱስ ለማን ይቀርባል? ይህን ሁሉ አስበው ሠራተኞቹን ከየቀበሌያቸው ጠርተው ፒያሳ አጠገብ ባለ ፎቅ ላይ ሳምንቱን ሙሉ አስቀመጧቸው፤ ከቦታቸው ሳይነሡ እንዴት እንደሚማሩ እንዲማሩ።

ስልኮቹም በየሠልጣኙ ፊት በካርቶናቸው ተቀመጡ። የተግባር ልምምዱ ለዓርብ የተያዘ በመሆኑ ግን እስከ ዓርብ እንዳይከፈቱ ተነገረ። እስከዚያው አሠልጣኙ በፍሊፕ ቻርት ላይ አንድ ትልቅ ስልክ ሣለ። ወረቀቱን በጣቱ ተጭኖ «እዚህ ጋ ነካ ስታደርጉት ይከፈታል» ይላል፤ ወረቀቱ አይከፈትም፤ ገጹን ይገልጥና «ይኸው ተከፈተ» ይላል። ከኋላ የተቀመጡት «ኧረ ቀስ፣ ባትሪው ያልቃል» እየተባባሉ በመሐረብ አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። እኔም ይህን ስሰማ ስቄ ነበር። ሳቄን ያቆመው ሦስተኛው ምስጋና ነው።

ሦስተኛ፣ ለማስታወቂያው አመሰግናለሁ።

ትህትና የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ያደገችው በወንጌላውያን ቤት ነው፤ አባቷ እሑድ እሑድ የሚያስተናግዱ፣ እሷም ኳየር ውስጥ ከፊት የምትቆም። ኩታበር ስትመደብ የቀበሌው አራሾች መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ክትባት ሳይሆን የትኛውን ጾም እንደምትጾም ነበር። ዛሬ «ዶክተሯ» ነው የሚሏት፤ አይደለሁም ብትልም አይሰሟትም። አብራት ትሠራ የነበረችው ባልደረባዋ ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረች ወዲህ ምትክ አልመጣም። ስለዚህ ትህትና ደሴ ሄደች ማለት ኬላው ተቆለፈ ማለት ነው። መድኃኒቱ ውስጥ፣ ቁልፉ እሷ ኪስ ውስጥ፣ እሷ ደሴ።

ጽሕፈት ቤትዎ ይህንንም አልዘነጋም። በየኬላው በር የሚለጠፍ ማስታወቂያ አባዝቶ ላከ፦ «ክቡራን ተገልጋዮቻችን፣ ባለሙያችን ባሉበት ሆነው ለመማር የሚያስችላቸውን ሥልጠና ለመከታተል ደሴ ስለሄዱ በዚህ ሳምንት አገልግሎት የማንሰጥ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።» እንዴት ያለ አክብሮት ነው!

የኔነሽ የምትባል የአራሽ ሚስት፣ ገና ጥርስ ማብቀል የጀመረ ጸጋው የሚባል ልጇን አዝላ ስትደርስ ያገኘችው ይህንን አክብሮትና አንድ ቁልፍ ነው። ልጁ ያስላል፤ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል። ማንበብ ስለማትችል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የነበሩትን መሪጌታ ቢያዝንን አንብቡልኝ አለቻቸው። መሪጌታ በሆዳቸው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፣ ደግመው አነበቡት፣ በመጨረሻም «ልጄ፣ ባሉበት ሊማሩ ደሴ ሄደዋል ይላል» አሏት። የኔነሽ የት ባሉበት ብላ ብትጠይቅ «እሱን አልጻፉም» አሉ። ከዚያም ለራሳቸው ይሁን ለእሷ ሳይታወቅ፣ እኔም ድጓ ልማር ብዬ የአባቴን ቤት ጥዬ ወጥቻለሁ፣ ያን ጊዜ ግን ማንም ባለህበት ተማር ብሎ ከቤቴ ያስወጣኝ የለም፣ እያሉ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሰጧት።

የኔነሽ ምናልባት ወደ ማታ ይመለሱ ይሆናል ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሐኪሞቹ ኋላ እንደነገሩን፣ ያን ቀን ልጁ የሚያስፈልገው ከዚያ ከተቆለፈው በር በስተጀርባ መደርደሪያ ላይ የነበረ እንክብል ነው። ትህትና በየሳምንቱ የምትሰጠው እንክብል ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ልጁ መጥባት ተወ። ያን ጊዜ የኔነሽ መሪጌታ ያነበቡላትን አንዲት የምትጨበጥ ቃል፣ ደሴ የምትለዋን ይዛ ወደ ኩታበር ወጣች፤ ከዚያም ሚኒባስ ተሳፈረች።

ቀጥሎ... ስንተኛ ላይ ነበርን? አራተኛ ይሁን። አራተኛው ምስጋናዬ አዳራሹ በር ላይ ምንም ምልክት ስላልሰቀሉ ነው።

የኔነሽ ፒያሳ ወርዳ ያገኘችውን ሰው ሁሉ «የሞባይል ሥልጠና የት ነው?» ስትል፣ ሰው ሁሉ በቅን ልቡ ቶሚ ጋ ላካት። ቶሚ ሞባይል ይጠግናል፣ ለሚፈልግም ጥገና ያስተምራል፤ ፀጉሬን ከምሠራበት ቤት ሥር ስለሆነ ሱቁን አውቀዋለሁ። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆን ግን ቀና አይልም። አሁንም የተፈታታ ስልክ ላይ እንዳቀረቀረ «ምን ሆነብሽ እኅቴ፣ አልበራ አለሽ ወይስ ውኃ ገባበት?» አላት። የኔነሽም «አልጠባ አለ» አለችው።

ቶሚ ቀና አለ። ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ፣ የጎረቤቱን ባለ ጫማ ቤት እይልኝ ብሎ፣ ጃንጥላዋን ተቀብሎ ወደ እርስዎ ፎቅ ይዟት ሄደ። እርስዎ ያልሰቀሉትን ምልክት አንድ የሞባይል ጠጋኝ በእግሩ ሄዶ አሳያት፤ ለእሱም ምስጋናው ይድረሰው።

አምስተኛ፣ ለበሩ አመሰግናለሁ።

ፈርመው ለጫማ ግዢ ፒያሳ የሚበተኑ ሠልጣኞች በመኖራቸው፣ ከፊርማ በኋላ እስከ ሻይ ሰዓት የሚገባም የሚወጣም እንዳይኖር ለጥበቃው ለጋሽ የሱፍ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር። ጋሽ የሱፍ ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። መጀመሪያ በእጃቸው አገዷት። ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርገው ልጁን አዩትና «ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ሻይ ሰዓት አይጠብቅም» ብለው ወንበራቸውን ለየኔነሽ ሰጥተው ራሳቸው ወደ አዳራሹ ገቡ።

ውስጥ አሠልጣኙ በፍሊፕ ቻርቱ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ሥሎ እያስረዳ ነበር። ይህን ከራሴ የጨመርኩት ቢመስልዎ አልፈርድብዎም፤ ያን ቀን ከተቀመጡት ማናቸውንም ይጠይቁ። አሠልጣኙ ጋሽ የሱፍን ሲያይ ጥያቄ በመጨረሻ ነው አለ። ጋሽ የሱፍ ቆባቸውን አውልቀው «ጥያቄ አይደለም ጌታዬ፤ የሣሉት ሕፃን በር ላይ መጥቷል» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙም ፈገግ ብሎ፣ ከአስተባባሪው ፈቃድ ይምጣና ይታያል አለ። በዚህ መሐል የልጁ ሳል በተከፈተው በር ገባ፤ ትህትናም ከተቀመጠችበት ተነሣች። ፈቃድ አልጠየቀችም፤ እውነት ነው፤ ክሱ ላይም በትክክል ተጽፏል። ስልኩን ከነካርቶኑ እንደያዘች ወጣች።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም፣ የተከበሩ ሆይ።

ባለፈው ሳምንት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ፣ ኮምቦልቻ እናቷ ቤት፣ ትህትናን ራሷን አግኝቻታለሁ። እንደ ጀግና አላወራችኝም። «እትዬ አረጋሽ፣ የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ» ነው ያለችኝ። «ኬላዬ ብሆን ኖሮ ጠረጴዛዬ አለ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕሉ አለ፤ ደረጃው ላይ ግን የኔነሽ ፊት ብቻ ነው የታየኝ። ስንት ሲደርስ ነው አደገኛ የሚባለው፣ ምን ሲታይ ነው ወደ ሆስፒታል የሚላከው፣ ሁሉም ተደበላለቀ» አለች። ታዲያ ስልኩ የተሠራው ለዚህች ደቂቃ አልነበረም? ካርቶኑን ቀደደችው። ፕላስቲኳ አየር ይዛ ተነፍታ ጣት አላሠራ ብትላት፣ ጥግዋን በጥርሷ ነክሳ ገነጠለቻት።

ስልኩም ተናገረ። ልጁን አታስለቅሱት፣ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱንና ሆዱን ተመልከቱ፣ አብረን እንቁጠር አለ። ቶሚ ስልኩን ያዘላት። ጋሽ የሱፍ በደረጃው የሚወጣውንም የሚወርደውንም አስቆሙ፤ ለሥራ የመጣ የፎቁ ተከራይ ሁሉ ቆሞ፣ የአንድ ሕፃን ሆድ ከፍ ዝቅ ሲል አየ። ደቂቃዋ አለቀች፤ ትንፋሹ ከልክ በላይ ነበር። ቀጥሎ ሌላ ሥዕል መጣ፤ ልጁ አየር ሲስብ ከጎድኑ ሥር ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ። ትህትና ሥዕሉን አየች፣ ጸጋውን አየች። «ይህ ከታየ አትቆዩ» አለ ስልኩ። በመጀመሪያ የሚሰጠውን መድኃኒትም ጨምሮ ነገራት። ያን ጊዜ እጇን ኪሷ ውስጥ ስትከት የወጣው የኬላው ቁልፍ ብቻ ነው።

አልቆየችም። ባጃጁን ቶሚ ጠራ። ሆስፒታል ሲደርሱ ኦክስጅን ተደረገለት፤ የሳንባ ምች ነበር። ትህትና ልጁ ቀለሙ እስኪመለስ ድረስ ከየኔነሽ ጎን አልተነሣችም፤ የከሰዓቱ ፊርማም አመለጣት። ጸጋው ዛሬ ቤቱ ነው፤ ይጠባል፣ ይነክሳል፤ እናቱ ስለ ሁለቱም ታመሰግናለች።

ስድስተኛውና ዋናው ምስጋናዬ፣ ለክሱ ነው።

ክሱ በጥሩ አማርኛ ተጽፏል። ያለ ፈቃድ አዳራሽ ጥላ መውጣቷ፣ ስልኩን ከተያዘለት ቀን አስቀድማ መክፈቷ፣ በመንግሥት ንብረት ላይ የነበረን መከላከያ ፕላስቲክ በጥርስ ማንሣቷ በየመልኩ ተዘርዝሮ፣ በመጨረሻ «የአመለካከት ችግር ይታይባታል» ተብሏል። ስልኩንም «እንደተረከበችው አድርጋ» እንድትመልስ ታዛለች። እንደተረከበችው የሚለው የትኛውን ርክክብ እንደሆነ ቢብራራልን ደስ ይለን ነበር፤ የኮምቦልቻውን ነው የደሴውን?

ዓርብ የተያዘው የተግባር ልምምድ ደግሞ፣ ድንገት እንግዶች በመምጣታቸው፣ በሦስተኛ ርክክብ እንደተተካ ሰማሁ። ስለዚህ ሪፖርትዎ ሲጠቃለል እንዲህ ይመስላል፦ ከሠልጣኞቹ ሁሉ ስልኩን የከፈተች ትህትና ብቻ ናት፤ ከሠልጣኞቹ ሁሉ ሥልጠናውን እንዳላጠናቀቀች የተቆጠረችም ትህትና ብቻ ናት። ሌሎቹ በሙሉ ብቁ ናቸው። ይህ እንደ ምርጥ ተሞክሮ ተቀምሮ ለሌሎች ዞኖች እንዲዳረስ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ስለ ስምዎም አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ወሬ አይደበቀኝም። የትህትና አባት ባሉበት የኮምቦልቻ ጉባኤ በጸሎት ፕሮግራሙ ላይ ስምዎ በየሳምንቱ ይነሣል፤ ከሕሙማን ቀጥሎ፣ ከመንገደኞች በፊት። አንዲት እናት ልብዎ እንዲለሰልስ ስትጸልይ አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ቢሮውንም ጨምሪበት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ኩታበርም እንዲሁ፣ መሪጌታ ቢያዝን በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን በራሳቸው ሥርዓት ያስቡዎታል። እንግዲህ ሁለቱን ቤተ እምነቶች በአንድ ሐሳብ ያስማማ ባለሥልጣን በዚህ አካባቢ ብዙ አላየንም፤ ይህም ከስኬቶችዎ ይቆጠር።

አሁን ምስጋናዬ አልቋል፤ አንዲት ልመና ብቻ ቀርታኛለች።

ትህትና ክሱ እስኪታይ ከታገደች ወዲህ የኬላው በር ያው እንደተቆለፈ ነው፤ ማስታወቂያውም የሚያነሣው ስለሌለ ያው ተለጥፏል። ብርዱ ደግሞ እየበረታ ነው፤ በዚህ ወራት የዚያ አገር ሕፃን ምን እንደሚይዘው ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ሪፖርቶች ያውቃሉ። መሪጌታ ለመጣች እናት ሁሉ ማስታወቂያውን እያነበቡ አሁን በቃላቸው ወጥቶላቸዋል፤ ያለ መነጽር ይሉታል። እናቶቹም ሰምተው ሰምተው አንድ ነገር ወስነዋል። ማክሰኞ ኮሚቴው ትህትናን ካልመለሰላቸው፣ ማስታወቂያው በሚያዝዘው መሠረት ይሄዳሉ፤ ደሴ ይላልና ደሴ ይመጣሉ። የሚያስሉ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ከመሪጌታ ጃንጥላ ጋር። የኔነሽ ቀድማ ትመራቸዋለች፤ መንገዱን ታውቀዋለች። ጋሽ የሱፍም ከወዲሁ ደረጃው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ጨምረዋል።

ያን ጊዜ እባክዎ ስብሰባ ላይ ነኝ አይበሏቸው። ልጆቹን አያስለቅሷቸው፤ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ደረታቸውን ይመልከቱ፤ ሆዳቸው ከፍ ዝቅ ሲል ደቂቃዋ እስክታልቅ ይቁጠሩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ከጠፋዎት አይፈሩ፤ ትህትናም ጠፍቷት ነበር። ስልኩን ይጠይቁት። ንብረት ክፍሉ ካሉት ውስጥ ግን እንዳይሞክሩ፤ እነሱ ገና አዲስ ናቸው። የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ማክሰኞ ትህትና ዘንድ ነው። ከማክሰኞ በኋላ የት እንደሚሆን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ሳል እንዳይጀምርዎ፣ ቢጀምርዎም ኬላው ክፍት በሆነበት ቀን እንዲሆን ሌት ተቀን የምትመኝልዎ፣ ለሦስቱም ርክክቦች በየተራ ልታጨበጭብ ዝግጁ የሆነች፣ ሁልጊዜም አክባሪዎ፣

አረጋሽ
ከፒያሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስልኩ እንደተረከበችው ሆኖ ይመለስ ስላሉት ጉዳይ ጋሽ የሱፍ መፍትሔ አግኝተዋል። ትህትና በጥርሷ የገነጠለቻትን ፕላስቲክ የዚያኑ ቀን ከደረጃው ላይ አንሥተው፣ አቧራዋን አራግፈው፣ በደረት ኪሳቸው አስቀምጠዋታል። ጥጓ ላይ የጥርስ ምልክት አለባት እንጂ ሌላው ደህና ነው። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት እጃቸው ሊያስረክቡዎ ተዘጋጅተዋል፤ ፎቶውን ቶሚ ያነሣል፣ እኛም እናጨበጭባለን። እርስዎ ፕላስቲኳን ይረከቡ፤ ስልኩ ኩታበር ይመለስ።